ከሁለቱም ቤት ያልሆነ ማዕድ

ሐሙስ፣ ግንቦት 2

ጠዋት ከዓሣ ሻጩ ጋር ተጣላሁ። የትናንት ኦክቶፐስ የዛሬ ነው ብሎ ሊያሸክመኝ... ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። ደግ አደረግኩ። ከዚያ ጎመን መልቀም፣ ድስት መፈተግ። ሁለት ጀርመኖች ገብተው «ሥጋ የሌለበት ምን አለሽ?» አሉኝ። ክሬት ደሴት ድረስ መጥቶ ሥጋ የሌለበት... እንደ ማንኛውም ሐሙስ።

ከሰዓት አባ ቲቶስ መጡ። ምግብ ቤቴ ሲገቡ ሁሌም መጀመሪያ የሚያዩት ድስቱን ነው። ዛሬ አላዩትም።

«ሮዳንቲ፣ ሃሪዲሞስ እሺ ብሏል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር። ልጄ ስትራቲስ በአንድ ሰርግ ላይ እንደ ጎረምሳው ሁሉ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰክሮ ነበር። እጁ ዝቅ አለ። የሃሪዲሞስ አንድ ወንድ ልጅ፣ ኒኪፎሮስ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደቀ። ጠላቶች እንኳን አልነበሩም! ሲጨፍሩ ነበር፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው። ልጄ ታሰረ፣ በፋሲካ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ተደብቋል። ሃሪዲሞስ በልጁ መቃብር ላይ ምሏል... ስትራቲስን ያየ ቀን ይገድለዋል። ይህ ሰው ደግሞ ምሎ አያውቅም ነበር።

አሁን ሽማግሌዎቹ አለዘቡት። የሟቹ እህት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። አበልጅ እንሆናለን። አበልጁን የሚገድል ደግሞ በተራራችን የለም። ከጥምቀቱ በኋላ ማዕድ። ማዕዱ እንደ ደንቡ ከሁለቱም ቤት ያልሆነ መሆን አለበት፤ ከእነሱም ከእኛም በረት፣ ጓዳ፣ ማሳ ምንም አይገባበትም።

«ጨውም ቢሆን?»

«ጨውም። ደሴቲቱን ዞረሽ ትለቅሚዋለሽ።» ጢማቸውን አሹ። «አንድ ነገር አለ። ኤርጊና ከማን እጅ እንደመጣ ያላየሁትን አልውጥም ብላለች። መኪናሽ ውስጥ አብራሽ ትዞራለች።»

ኤርጊና። የሟቹ እናት።

«ከእኔ ጋር?»

«ከአንቺ ጋር።»

ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ አይብ ልቀምስ... ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

እሑድ፣ ግንቦት 5

መንደራቸው አኖ ፔትራ ድረስ ወጥቼ ከበሯ ላይ ወሰድኳት። ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሳለች። ሰላም አላለችኝም። ገባች፣ ተቀመጠች፣ የልጇን ቢላዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት።

«አነዳድሽ ነው የሚገድለኝ ማለት ነው?»

ተራራው ላይ ያሉት የመንገድ ምልክቶች እንደልማዳቸው በጥይት ተበሳስተዋል። እሷ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። የእኔ ዓይን መንገዱ ላይ... ልቤ ቢላዋው ላይ።

መጀመሪያ ሲፊስ ጋ ሄድን፣ አይብ ሠሪው ጋ። ትልቁን ክብ አይብ ቆረሰላት። አላመጠችው፣ እግሩ ሥር ተፋችው።

«የፍየል ነው። የበግ ብለህ ነው የምትሰጠኝ?»

ሲፊስም ምላሱ አይተኛም። «ከልጇ ገዳይ እናት ጋር ሽርሽር የወጣች ሴት ደግሞ ስለ አይብ ታስተምረኛለች» አለ።

የወተት ማማሰያውን እንጨት ከቋቱ ውስጥ መዛ አፉ ላይ መታችው። አንዴ። ከንፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ደሙ ነጩ አይብ ላይ ተንጠባጠበ። ሰውዬው እንደ ጥጃ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ጥቁር ቅርፊት ያለውን አወረደች። አሸተተችው።

«ይሄ ነው። ተሸከሚ» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ፦

«ለአንቺ ብዬ አይደለም የመታሁት።»

«አውቃለሁ።»

አይቡ ግን... እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወስጄ እሄድ ነበር። ይህን ለማንም አልናገርም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ወደ ምዕራብ፣ ፓጎና የምትባል አሮጊት ጋ፣ ለቀንድ አውጣ። መጥበሻው ላይ ጨው ትበትናለች፣ ጨው ሲግል ቀንድ አውጣዎቹን ከነነፍሳቸው በአፋቸው ትደፋቸዋለች። ይንጣጣሉ፣ ያፏጫሉ። ሁሌም የምሠራው ነው፣ ዛሬ ግን ድምፁ አስጠላኝ። ኤርጊና ጎንበስ ብላ ትሰማለች።

«ኒኪፎሮስ ይህን ድምፅ ይወድ ነበር» አለች። ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ፓጎና ምንም ስለማታውቅ «ልጅሽ ነው? ለምን ይዘሽው አልመጣሽም፣ የእኔ እመቤት?» አለቻት።

ወጥቼ መኪናው አጠገብ ቆምኩ። ምን ላድርግ?

ስንመለስ ከምንጩ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ተተኮሰብን። የፊት መስታወቱ እላዬ ላይ ረገፈ። ፍሬን ያዝኩ፣ ግንቡን ገጨን። ሁለተኛው ጥይት ጣራውን ገሸለጠው። መሪው ሥር ተወሸቅኩ። ኤርጊና ግን በሩን ከፍታ ወረደች። ወደ ተኩሱ ቀጥ ብላ፣ ያንን ጥቁር ቀሚስ እየጎተተች።

«ማኖሊዮስ፣ ጫማህን አይቼዋለሁ። ና ተኩስ። አክስትህ ነኝ፣ ደረቴ ሰፊ ነው፣ አትስትም።»

የባሏ የወንድም ልጅ ነው። እርቁን ከማይፈልጉት አንዱ። ሲሮጥ ድንጋዩ ይንኮታኮት ነበር። ተከትላ ድንጋይ ወረወረችበት፣ ሌላ ወረወረች... እስኪደክማት።

ተመልሳ ገባች። ፀጉሬ ውስጥ የገባውን ስባሪ መልቀም ጀመረች። ገር እጅ የላትም፣ ዶሮ እንደምትነጭ ሴት ነው።

«ሆድ ይፍጀው። ለአባ ቲቶስ ብትነግሪ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ» አለች።

«ለምን ትሸፍኝዋለሽ?»

«ባሌ ከሰማ ማዕዱ ይቀራል። ማዕዱ ከቀረ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ እቀብራለሁ። ባሌን ወይም ማኖሊዮስን።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

መስታወቱ ተቀየረ። እኔ ግን ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ጣቴ አብጧል፣ እንዴት እንደምጽፍ እንጃ... ግን ልጻፈው።

ወደ ምሥራቅ፣ ሲቲያ፣ የገብስ ደረቅ ዳቦ ልናመጣ። ወይን ጠጁን መንገድ ላይ ወስደናል፣ ዘይቱንም። እሷ ዘይቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ስትልስ ደስ ብሏት ነበር ማለት ይቻላል። ጉሮሮዋን ሲያቃጥላት «ደህና ነው» አለች። እኔም ሞኝ፣ ተዝናናሁ።

ስትራቲስ የተደበቀው ከሲቲያ በላይ ነው፣ አክስቱ ጋ። ወደዚያ የሚወስደውን ጥርጊያ ስናልፍ ዞር ብዬ አላየሁም። አንገቴን ሰበቅ እንኳን አላደረግኩም።

«እዚህ ነው ያለው» አለች።

«ማን?»

«መሪው ላይ ያለ እጅሽ ነጣ።»

ነዳጅ ረገጥኩ። እሷ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። መኪናው ዞረ፣ አቧራ፣ ዘይቱ ከኋላ ተገለበጠ። ቢላዋዋን ይዛ ወርዳ ወደ ጥርጊያው ትሄዳለች። ምን እንዳደረገኝ አላውቅም... ከኋላ ፀጉሯን ይዤ ጎተትኳት። ወደቅን። ነከሰችኝ፣ ጣቴን። በክርኔ አፏን መታኋት። ሁለት ሽበታም ሴቶች በወይራ ዛፍ ሥር እንደ ድመት። አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ አየን፣ ከዚያ ፈጥኖ ሄደ።

ቢላዋው ወደቀ። ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ሲመታ ይታየኛል። ልወጋት እችል ነበር። ማንም አያይም። ልጄን የሚያሳድድ አንድ ሰው ይቀንሳል... እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ቃል በቃል። እሷም አወቀች። አልተፈራገጠችም።

«ጨርሺያ» አለችኝ። «እኔም ልገላገል።»

ተነሳሁ። እጀታውን ወደ እሷ አዙሬ መለስኩላት። ተቀብላ አቧራውን አራገፈችው።

ዳቦውን ገዝተን ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። ደረቁን ዳቦ ውሃ አስነክታ ከተረፈው ዘይት አፈሰሰችበት፣ ጨው ጨመረች፣ ግማሹን ሰጠችኝ። የሁለታችንም ከንፈር ተሰንጥቋል። ጨው ቁስሉ ላይ ሲያርፍ እንባዬ መጣ፤ የጨው ነው ብዬ ተውኩት።

«ልታይው ብቻ ነበር የፈለግሽው?» አልኳት።

«አላውቅም። ስደርስ ይታወቀኝ ነበር።» አኘከች። «አንቺ ልጅሽ ሲርበው ታውቂያለሽ። የእኔ በልቶ ይሁን ሳይበላ የወደቀ፣ ያን ቀን፣ የነገረኝ ሰው የለም።»

በልቶ ነበር። ለሰርጉ ያበሰልኩት እኔ ነኝ፤ ራሴ ነኝ ሩዙን ሁለቴ ያወጣሁለት። ነገርኳት። ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ወደ ደቡብ፣ ስፋኪያ። በጎቹን መረጥን። እረኛው አንድ ቃል ሳይናገር እሷ ጀርባቸውን እየዳሰሰች ለየች። ወንድሜ ማኑሶስ በእሱ ፒክአፕ ሄዶ ያመጣቸዋል፣ ለእሱ ተነግሮታል።

«አደራህን፣ እነዚያኑ» አልኩት በስልክ።

«አንቺ ደግሞ። በግ ማምጣት ልታስተምሪኝ ነው?»

ይህ ሰው ሲስቅ አልወድም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 18

ማሩ መጣ፣ ሩዙ መጣ፣ ጨው ከደቡብ ድንጋይ ላይ ፍቀን አመጣን። ስትራቲስን አባ ቲቶስ ራሳቸው ሄደው ያመጡታል። እንቅልፍ የለም። እሱ ተኝቶ ይሆን?

እሑድ፣ ግንቦት 19

እንዴት ልጀምር...

በእነሱና በእኛ መንደር መካከል ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ማኑሶስ በጎቹን ታርደውና ተገፈው አመጣቸው። ገና በማለዳ ሥጋው ትልልቁ ድስት ውስጥ ገባ፣ መረቁ ለሩዙ። ጭንቅላቶቹ ብቻ ቀሩ። የበግ ራስ ለሽማግሌ ነው የሚቀርበው፣ ለሁለት ተፈልጦ። ወንዶቹ በሁለቱ ጥግ ተቀምጠዋል። ጠመንጃቸውን የሾላው ዛፍ ላይ ሰቅለዋል፣ ዓይናቸው ግን አልወረደም።

ጥምቀቱ በሰላም አለፈ። ሕፃኑን ይዤው ነበር። ኒኪፎሮስ ተባለ። ሃሪዲሞስ ስሙ ሲጠራ ግድግዳውን በቡጢ መታ፣ ቆዳው ተላጠ።

ከዚያ ወጥ ቤት። እኔና ኤርጊና ብቻ። መጥረቢያውን አንስታ የመጀመሪያውን ራስ ፈለጠች። ሁለተኛውን ገለበጠችው... ቆመች።

ጆሮው። ማኑሶስ ቆርጦ መጣል ረስቷል። ጫፉ የተቆረጠ፣ ሥሩ ላይ የተሰነጠቀ። የእነሱ የቤት ምልክት። በየዓመቱ ጠቦቶቹን ይዛ የምትሰነጥቃቸው ራሷ ናት።

ከሁለቱም ቤት ያልሆነ ማዕድ ብለን ደሴት ዞረን... ድስቱ ውስጥ የሚፈላው የሃሪዲሞስ በግ። የተሰረቀ። በእኛ እጅ።

«ወንድምሽን ጥሪው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

ማኑሶስ ገባ። ጆሮውን ሲያይ ሳቁ መጣ፣ ከዚያ ቀረ።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ሮዳንቲ... አባቶቻችንስ? ባላንጣቸውን የገዛ በጉን አልነበር የሚያበሉት? በልቶ ጠግቦ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚነገረው። ወንድነት ነው፣ ይስቃሉ...»

«የስፋኪያዎቹስ?» አልኩት።

«በረቴ ውስጥ ናቸው።»

በጥፊ መታሁት። እሷ በእጇ ገፋችኝ። «አንቺ ዘወር በይ።» ፀጉሩን ይዛ ራሱን መክተፊያው ላይ አጣበቀችው፣ ከበጉ ራስ ጎን። ቢላዋዋን አወጣች።

«ጮክ ካልክ ወንዶቹ ይገባሉ። ከገቡ ስንቱ እንደሚወጣ አንተ ቁጠር።»

አልጮኸም። እጅጌውን ነከሰ። ቆረጠች። ጫፉን። ከዚያ ሥሩን ሰነጠቀች፣ ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ ጠቦት። ደሙ በመክተፊያው ዳር ወርዶ ጫማዬ ላይ። እኔ ምን አደረግኩ? ትከሻውን ያዝኩላት። ወንድሜን። ያዝኩላት።

«አሁን የማን እንደሆንክ ይታወቃል» አለችው። ፎጣ ወረወረችለት። የበጉን ጆሮ ከሥሩ ቆርጣ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ሸተተ።

እሱ ሲወጣ እጇን ታጠበች።

«የወንድምሽ ጆሮ ለበጎቹ ካሳ ነው። ዝምታዬስ በምን ይከፈላል?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ልጅሽን።»

መጥረቢያው ለእኔ ይቀርብ ነበር። አየሁት፣ አየችኝ።

«አልገድለውም። የኒኪፎሮስ በጎች እረኛ የላቸውም፣ ባሌ ጉልበቱ አልቋል። እኔ ቤት ያድራል። ከእኔ ድስት ይበላል። ወደ አንቺ አይመለስም፣ ምግብ ቤት፣ ከተማ፣ የለም። ወይም ወጥቼ ስለ በጉ ጆሮ እናገራለሁ።»

ውጭ ወንዶቹ ይጠብቃሉ። የመረቁ ሽታ ወጥቷል፣ አንዱ ሲያጨበጭብ ይሰማል፣ ርቦት።

«እሺ» አልኩ። ልጄን ማን ጠየቀው? ማንም።

ስትራቲስ ከአባ ቲቶስ ኋላ ገባ። ከስቷል። ሃሪዲሞስ ፊት ተንበረከከ። ሽማግሌው ተነስቶ በጥፊ መታው፣ ልጄ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሁለቱም ጥግ ተነሳ። እጆች ወደ ሾላው... ሃሪዲሞስ ጎንበስ ብሎ በኮሌታው አነሳው። አጠገቡ አስቀመጠው። ከሥጋው ቀደደና በእጁ አፉ ላይ አደረገለት።

ሁሉም በላ። ሃሪዲሞስ አኘከ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«የስፋኪያ በግ ሌላ ነው። ሣሩ ነው» አለ።

«ብላ ዝም ብለህ» አለችው ኤርጊና። እሷም በላች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፣ እስክትውጥ።

ማኑሶስ ራሱን በፎጣ ጠቅልሎ «በር መታኝ» ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 20

ስትራቲስ ከእነሱ ጋር ወደ ላይ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። «ለእርቁ ነው» አልኩት። እሺ አለኝ። እስር ቤት ሲሄድም እንዲሁ ነው ያለኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 23

ስትራቲስን እንዳየው ዛሬ ተፈቀደልኝ። ብቻዬን ነዳሁ።

ማኖሊዮስ፣ ያ የተኮሰብን፣ ባለፈው ሳምንት በረቱ ድረስ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር አሉ። ሃሪዲሞስ ቀምቶ በሰደፉ ጥርሱን አራግፎለታል። «የቤቴን እረኛ?» እያለ። ይህን ስሰማ መኪናውን ተደገፍኩ። እንግዲህ ማንም አይነካውም። ይህን ነበር የፈለግኩት፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ታዲያ አሁን ምን ሆኛለሁ?

ስትራቲስ ከመንጋው ኋላ ወረደ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እጅጌው ይረዝመዋል። ጎንበስ ሲል ጀርባው ላይ የዱላ ሰንበር አየሁ። በግ ሲጠፋበት ሽማግሌው ይመታዋል። አቀፈኝ። ተቀመጥን። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ፦

«እማ፣ ውሃ አለ?»

ለእሷ ነው። ረስቶት ነው? ወይስ ለምዶት? እሷም «መጣሁ» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ። ሁለቱም አላወቁትም። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ልሄድ ስል ኤርጊና መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። መስኮቱን ተደግፋ መሬት መሬት እያየች፦

«አይበላም» አለች። «ይጎርሳል፣ ግን አይበላም። ምን ይወዳል?»

ዝም ልላት ፈለግኩ። ይቅር፣ ይራበው፣ ርቦት ወደ እኔ... ከዚያ ሰንበሩን አሰብኩ፣ ክሳቱን።

«ጥንቸል» አልኳት። «በሽንኩርት። ትንንሹን ሽንኩርት ሳትከትፊ፣ ከጥንቸሉ እኩል። ቀይ ወይን፣ ትንሽ ኮምጣጤ። ቀረፋ አንድ ስንጥር። ክዳኑን ሳትከፍቺ፣ በቀስታ እሳት።»

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግማለች፣ እንደ ተማሪ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

የብርቱካኑን ልጣጭ አልነገርኳትም። ሊወርድ ሲል የሚገባውን። ልጄ በሕይወት አለ፣ ማታ ማታ ከእሷ ድስት ይበላል፣ «እማ» ይላታል፣ ይሁን። ልጣጩን ግን አልሰጣትም።